«ቶክሶ ፖዘቲቭ» ብቻ ብሎ መላክ ይብቃ፦ ለጤና ሚኒስቴርና ለኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የቶክሶፕላዝማ የደም ምርመራ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና የሥራ ባልደረቦች፣

የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ ከእናንተና ከእኔ አልፎ ነፍሰ ጡሮችን፣ ፅንስ የወረደባቸውን እናቶችና ቤተሰቦቻቸውን ስለሚነካ ነው። እነሱም ያንብቡት።

ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። በየክሊኒኩ «ቶክሶ» እያልን የምንሠራው ምርመራ አንዲት ሴት በሕይወቷ አንድ ቀን ቶክሶፕላዝማ የሚባለው፣ ካልበሰለ ሥጋና ከድመት ዓይነ ምድር የሚመጣው ጥገኛ ተህዋስ ገብቶባት እንደነበር ይነግረናል። መቼ እንደገባባት ግን አይነግረንም። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ዋናው ጥያቄ «መቼ?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በተሻለ መንገድ የሚመልሱ ምርመራዎች አሉ። ከጥገኛው ተመርጠው በባክቴሪያ ውስጥ በሚመረቱ ፕሮቲኖች፣ ማለትም በሪኮምቢናንት ፕሮቲኖች የሚሠሩ ናቸው። እነዚህ ምርመራዎች በእኛው ሰው ደም ተፈትሸው ወደ ሆስፒታሎቻችን እንዲገቡ እጠይቃለሁ። እስከዚያው የውጤት ወረቀታችን እንዲስተካከልም እጠይቃለሁ። ሁለተኛው ብዙ ገንዘብ አያስወጣም።

በብዙ ቦታ የሚሠራው የላቴክስ ምርመራ ነው። ላላየው ሰው ልግለጸው። ደሙ በሴንትሪፉጅ ይዞርና ሲረሙ፣ ማለትም ጥርት ያለው የደሙ ፈሳሽ ይለያል። ከሲረሙ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ይደረጋል። አጠገቡ አንድ ጠብታ ላቴክስ ይጨመራል። ላቴክሱ ውስጥ ያሉት ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ናቸው፤ ላያቸው ላይ የጥገኛው ስብርባሪ ተለጥፎባቸዋል። ሁለቱ ይቀላቀሉና ስላይዱ ለጥቂት ደቂቃ ይወዛወዛል። ሲረሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነት ጥገኛውን ለመከላከል የሚያመርተው ነገር ካለ ቅንጣቶቹ ተሰብስበው ነጥብ ነጥብ ይሠራሉ። ከሌለ ፈሳሹ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ዳኛው የባለሙያው ዓይን ነው። ጠዋት በደህና ብርሃን በግልጽ የሚታየው ነጥብ፣ ማምሻው ላይ ወረፋው ሳያልቅ መብራቱም ሲደክም ያከራክራል።

ነጥቡ ከታየ «ፖዘቲቭ» ተብሎ ይጻፋል። ያ ፀረ እንግዳ አካል መጀመሪያ የሚመረተው አይጂኤም ይሁን ተከትሎ የሚመጣውና ለዘመን የሚቆየው አይጂጂ፣ ያለፈው ወር ይሁን የዛሬ ሃያ ዓመት፣ ላቴክሱ አይለየውም።

በምሠራበት አካባቢ አንዲት እህት ወረቀቷን ይዛ ወደ መስኮቱ ተመልሳ መጥታ ነበር። ሁለተኛ ፅንሷ ወርዶባታል። ወረቀቱ ላይ ያለው «ቶክሶ፦ ፖዘቲቭ» የሚል አንድ መስመር ነው። «ልጆቼን ያሳጣኝ ይሄ ነው?» አለችኝ። በተሠራላት ምርመራ አዎ ማለት አይቻልም፤ አይደለም ማለትም አይቻልም። እሷ ግን ከቤት ስትወጣ መልሱን ሰምታ ነው የመጣችው። ድመቷን አባርራለች። የባለቤቷ ቤተሰብም ድመት ማሳደጉን ያመጣችው እሷ ናት ብለው ጥፋቱን በእሷ ላይ ጥለውታል። ሐዘን ላይ ያለች ሴት በዚህ ላይ ጥፋተኛ ሆና ነው የቆመችው። ይህን የሠራው አንድ መስመር ውጤት ነው።

ያ መስመር በእኛ አገር ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚናገር ቁጥሩ ያሳያል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ የተነተነና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ሥራ፣ ከተመረመሩት ሰዎች ወደ 75 በመቶ የሚሆኑት ፀረ እንግዳ አካሉ እንዳላቸው አስቀምጧል። ከአራት ሰው ሦስቱ ማለት ነው። እንግዲህ ፅንስ የወረደባቸውን መቶ ሴቶች ብንመረምር ወደ ሰባ አምስቱ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ጤናማ ልጅ የወለዱ መቶ ሴቶች ብንመረምርም ወደ ሰባ አምስቱ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ታዲያ ፖዘቲቭ መሆኗ ስለ ውርጃው ምን ነገረን? ምንም።

እንደውም ከእርግዝና በፊት በጥገኛው የተያዘች ሴት፣ የበሽታ መከላከያ አቅሟ ደህና ከሆነ፣ ፅንሷ በአብዛኛው የተጠበቀ ነው። ሰውነቷ ጥገኛውን አውቆታል። አደጋው ያለው በእርግዝናው ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት እንዳሳየው፣ እናት በ13ኛው ሳምንት ከተያዘች ወደ ፅንሱ የመተላለፍ ዕድሉ 6 በመቶ ገደማ ነው። በ26ኛው ሳምንት 40 በመቶ ይደርሳል፤ በ36ኛው 72 በመቶ። በተቃራኒው ጉዳቱ የሚከፋው ቀደም ብሎ ሲተላለፍ ነው። ዓይን፣ አንጎል፣ አንዳንዴም የፅንሱ ሕይወት ይጎዳል። ሳምንታት ሲለያዩ የሐኪሙ ውሳኔ ጨርሶ ይለያያል። የእኛ ወረቀት ግን ሳምንት አይደለም ዓመትም አይለይም።

እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። በእኛ አሠራር የምትፈራው ፖዘቲቭ የሆነችው ናት። ኔጌቲቭ የሆነችውን «ደህና ነሽ» ብለን እንሸኛታለን። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ነፍሰ ጡር ሆና ኔጌቲቭ የሆነች ሴት ገና ያልተነካች ናት፤ ከአሁን በኋላ ልትያዝ የምትችለው እሷ ናት። ሦስት አራተኛው ሰው በተያዘበት አገር ጥገኛው በአካባቢዋ ሞልቷል። ምክር የሚያስፈልጋት እሷ ናት። ክትፎው እስክትወልድ ድረስ ይብሰልላት፤ ለብ ለብም ይቅርባት። የበግና የፍየል ሥጋ ደግሞ በተለይ በደንብ ይብሰል፤ ጥገኛው በእነሱ ሥጋ ውስጥ ከከብት ሥጋ ይበልጥ ይገኛል። ሰላጣው በደንብ ይታጠብ። አፈር ከነካች፣ ጥሬ ሥጋ ከከተፈች እጇን ትታጠብ። ድመቷንም ማባረር አያስፈልጋትም። ድመት የጥገኛውን እንቁላል በዓይነ ምድሯ የምታወጣው በአብዛኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ፣ ለአንድና ለሁለት ሳምንት ነው። እንቁላሉም ሰው ለመያዝ እስኪደርስ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው በየቀኑ ቢያነሳው አብዛኛው አደጋ ይቀራል። ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አሁን ግን ኔጌቲቭ የሆነችው ምንም ሳይነገራት ነው የምትሄደው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «አይጂኤም እንሥራ፣ ያልቃል» ይላሉ። አያልቅም። አይጂኤም የአዲስ ኢንፌክሽን ምልክት ነው ተብሎ ይታወቃል፤ ነገር ግን በአንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ከዓመት በላይ ይቆያል። ኪቶቹም ይሳሳታሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 በአንድ አይጂኤም ኪት ብቻ ተመርኩዛችሁ ስለ ነፍሰ ጡር አትወስኑ ብሎ ሐኪሞችን ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው።

ስሌቱን ለራሳችን እንሥራው። አንድ ሺህ ነፍሰ ጡሮች አሉ እንበል። ከእነሱ በእርግዝናው ወቅት በእውነት የተያዙት አሥር ናቸው እንበል። ኪቱ አሥሩንም ያገኛቸዋል፤ ከቀሩት 990 ውስጥ ግን 3 በመቶውን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። ሠላሳ ሴቶች ማለት ነው። በድምሩ አርባ ፖዘቲቭ ወረቀት ይወጣል፤ እውነተኞቹ አሥር ብቻ ናቸው። ሠላሳዎቹ ያለ ምክንያት ይጨነቃሉ፣ ያለ ምክንያት መድኃኒት ይወስዳሉ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ፓይሪሜታሚን በመጀመሪያዎቹ ወራት ለፅንሱ የማይመከር ነው። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ በደህና ይዘውት የነበረውን እርግዝና ለማቋረጥ የሚገፋፉ መኖራቸው ነው።

በእኛ አገር ሌላም የሚጨመር አለ። በመተማና በሁመራ በኩል ካላዛር የሚባል፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ አለ። ካላዛር የያዘው ሰው ሰውነት ፀረ እንግዳ አካልን ያለ ልክ ያመርታል። ይህ ዓይነቱ ደም አይጂኤም ኪትን ሊያታልል ይችላል። ወባም እንዲሁ። ፓሪስ ወይም በርሊን ውስጥ በሚገኝ ሰው ደም ተፈትሾ «99 በመቶ» የተባለ ኪት ጎንደር ላይ ያንኑ ያሳያል ብለን ዝም ብለን መቀበል የለብንም።

አሁን ወደ ፕሮቲኖቹ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምጠይቀው ነገር ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሊሰጠኝ አይችልም።

ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ እ.ኤ.አ. በ1908 ነው የተገኘው። ቱኒስ ውስጥ ሻርል ኒኮልና ሉዊ ማንሶ ጉንዲ በሚባል የዱር አይጥ መሰል እንስሳ ውስጥ አገኙት። በዚያው ዓመት ብራዚል ውስጥም በጥንቸል ላይ ታየ። የመጀመሪያው አስተማማኝ የደም ምርመራ ለመምጣት አርባ ዓመት ፈጀ። ሳቢንና ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጡት ነው። ድንቅ ምርመራ ነው፤ ዛሬም ድረስ ሌሎች ምርመራዎች ከእሱ ጋር ይመዘናሉ። ችግሩ ሕይወት ያለው ጥገኛ ይፈልጋል። ጥገኛውን በአይጥ ሆድ ውስጥ እያራቡ ማቆየት ግድ ነው። ለሠራተኛውም አደገኛ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ በመርፌ ተወግተው የታመሙ ሰዎች አሉ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ምርመራዎች ጥገኛውን ገድለውና ፈጭተው ነው የሚጠቀሙት። እዚያ ዱቄት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ የአይጡም ርዝራዥ አለ። የዛሬው ምርት ከባለፈው ወር ምርት ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ሎት ቁጥሩ (የምርቱ ዙር) ሲቀየር ውጤቱ ሲንሸራተት ያየ ባለሙያ የምለው ይገባዋል። ከሁሉም በላይ ሁሉም ፕሮቲን ተደባልቆ ስለቀረበ የድሮውንም የአዲሱንም ፀረ እንግዳ አካል ባንድ ላይ ይጠራል።

ሪኮምቢናንት የሚባለው መንገድ ከዚህ ይለያል። ከጥገኛው ውስጥ አንድ ፕሮቲን ይመረጣል። የዚያ ፕሮቲን ዘረመል ብቻ ይወሰድና ኢ. ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ ይከተታል። ባክቴሪያው ሲራባ ፕሮቲኑን ያመርታል። ባክቴሪያው ተሰብሮ ፕሮቲኑ በማጣሪያ ይለያል፤ ብዙ ጊዜ ፕሮቲኑ ጫፍ ላይ ኒኬልን የሚይዝ ጭራ ይቀጠልለታል፣ ኒኬል ባለበት ማጣሪያ ሲያልፍ እሱ ይቀራል፣ ሌላው ይታጠባል። አይጥ አያስፈልግም። ሕያው ጥገኛ አያስፈልግም። የሚመረተው ሁልጊዜ ያው አንዱ ፕሮቲን ነው።

ፕሮቲኖቹ ስም አላቸው። ከሁሉ የታወቀው ሳግ 1 ነው፤ የጥገኛውን ገላ የሚሸፍን ፕሮቲን ነው፤ ዘረመሉ እ.ኤ.አ. በ1988 ተነቧል። ግራ 7፣ ግራ 8፣ ሮፕ 1፣ ማይክ 1፣ ማግ 1 የሚባሉ ሌሎችም አሉ። ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ባሕርያቸው መለያየቱ ነው። ለሳግ 1 የሚመረተው ፀረ እንግዳ አካል ከመጀመሪያው ጀምሮ ለረጅም ዘመን ይቆያል። ስለዚህ «ተይዛ ታውቃለች ወይ?» ለሚለው ጥሩ ነው። እንደ ግራ 7ና ሮፕ 1 ያሉትን ግን በቅርቡ የተያዘ ሰው ደም ይበልጥ ይለያቸዋል። ሁለቱን ዓይነት ለየብቻ ኤላይዛ በሚባለው፣ ውጤቱ በቀለም በሚታይ ምርመራ ጉድጓዶች ላይ ብንለጥፍና አንድ ሲረም ብንጨምርባቸው፣ የትኛው ጉድጓድ ደምቆ ቢጫ እንደሆነ በማየት ስለ ጊዜው ፍንጭ እናገኛለን። በዓይን መዳኘትም ቀረ፤ ማሽኑ ቁጥር ይሰጠናል።

ከዚህ ጋር አቪዲቲ የሚባለው አለ። ፊንላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 የመጣ ዘዴ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አዲስ የተመረተ አይጂጂ ፕሮቲኑን ላላ አድርጎ ነው የሚይዘው። ወራት ባለፉ ቁጥር አያያዙ ይጠብቃል። ስለዚህ ዩሪያ ያለበት ፈሳሽ ይፈስበታል፤ የላላው ይታጠባል፣ የጠበቀው ይቀራል። በእርግዝናዋ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደም ሰጥታ አያያዙ ጠባቂ ከሆነ፣ ኢንፌክሽኑ ከአራት ወር ገደማ በፊት የመጣ ነው፤ ማለትም ከእርግዝናው በፊት ነው። ያቺ ሴት ተረጋግታ ቤቷ ትሂድ። ላላ ከሆነ ግን በቅርቡ ተይዛለች ማለት አይደለም፤ በአንዳንድ ሰው ለረጅም ጊዜ ላላ ሆኖ ይቆያል። ይህን ልዩነት ያላወቀ ላቦራቶሪ አቪዲቲ ባይሠራ ይሻላል።

ሪኮምቢናንት ፕሮቲን ሁሉን ይፈታል ብዬ አልጽፍላችሁም። አንድ ፕሮቲን ብቻ የያዘ ምርመራ ያንን ፕሮቲን በደንብ ያላወቀውን ሰው ደም ያልፈዋል። ሳግ 1 ራሱ በኢ. ኮላይ ውስጥ ሲመረት ያስቸግራል። የፕሮቲኑ ክር በብዙ ቦታ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ነው ቅርጹን የሚይዘው። ባክቴሪያው ውስጥ ይህ ቁልፍ በትክክል አይገጥምም፤ ፕሮቲኑ ተጨማድዶ ይጠራቀማል። ቅርጹን ካጣ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካሉ አያውቀውም። ስለዚህ አንዳንዶች በእርሾ ውስጥ ያመርቱታል፤ ሌሎች ደግሞ ከተጨማደደበት ፈትተው ቀስ ብለው መልሰው ያጣጥፉታል። በፖላንድ የግዳንስክ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ የማይክ 1፣ የማግ 1ና የሳግ 1 ቁራጮችን አጣምረው አንድ ፕሮቲን አድርገው ሠርተዋል። እኔ የሚያሳምነኝ ይሄ የማጣመር መንገድ ነው።

ይህ የወደፊት ምኞት ብቻ አይደለም። በዓለም ገበያ ካሉት ትላልቅ ማሽኖች አንዳንዶቹ በእነዚህ ፕሮቲኖች ነው የሚሠሩት። የሮሽ ኤሌክሲስ ቶክሶ አይጂጂ ሳግ 1ን ይጠቀማል። የአቦት አርኪቴክት ደግሞ ሳግ 1ንና ግራ 8ን። በከተማችን ታይሮይድና ሌሎች ሆርሞኖች የሚሠሩባቸው አውቶማቲክ ማሽኖች አሉ፤ ከእነዚህ ለአንዳንዶቹ የቶክሶ ሪኤጀንትም (የመመርመሪያ ኬሚካል) ተሠርቶላቸዋል። ማለትም ባንዳንድ ቦታ አዲስ ማሽን መግዛት ሳይሆን ሪኤጀንቱን ማስገባትና ባለሙያውን ማሠልጠን ነው የሚቀረው።

እንግዲህ ጥያቄዬ።

ከሁሉ በፊት የራሳችን የደም ስብስብ ይኑረን። በየጤና ጣቢያው ነፍሰ ጡሮች ለኤችአይቪ፣ ለቂጥኝና ለሄፓታይተስ ቢ ደም ይሰጣሉ። ደሙ ተቀድቷል፤ ሴቲቱ ሌላ መርፌ አትወጋም። ፈቃዷ ተጠይቆ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆት፣ የተረፈው ሲረም ከቀኑ ጋር ቢቀመጥ ትልቅ ሀብት ነው። በተለይ በመጀመሪያው ክትትል ኔጌቲቭ ሆና በኋላ ፖዘቲቭ የሆነች ሴት ደም። የተያዘችበት ጊዜ ስለሚታወቅ የትኛውም ኪት ከእሱ ጋር ሊመዘን ይችላል። ከካላዛርና ከወባ አካባቢዎችም ናሙና ይጨመርበት። ከዚያ ወደ አገር የሚገባ ማንኛውም የቶክሶ ኪት በዚህ ስብስብ ይፈተን፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ለምዝገባ ሲጠየቅ ይህን ውጤት ይመልከት።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ቢያንስ አንድ ማዕከል «መቼ?» የሚለውን መመለስ እንዲችል ነው። በየወረዳው አቪዲቲ ይሠራ አልልም። ፈረንሳይ ኔጌቲቭ የሆኑ ነፍሰ ጡሮችን በየወሩ ትመረምራለች፤ እኛ የወባና የቲቢ ሸክም ያለብን አገር ነን፣ ያንን መቅዳት አይገባንም። ነገር ግን ከየትኛውም ሆስፒታል አይጂኤም ፖዘቲቭ የሆነ የነፍሰ ጡር ደም የሚላክበት፣ በሪኮምቢናንት ፕሮቲኖች ተሠርቶ፣ አቪዲቲ ተጨምሮበት፣ ከጽሑፍ ማብራሪያ ጋር የሚመለስበት አንድ ቦታ ይኑር። ለዚህ ኢንስቲትዩቱ ትክክለኛው ቤት ይመስለኛል።

ፕሮቲኖቹን እዚሁ ማምረትስ? እኔ ይቻላል ባይ ነኝ። አርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በቶክሶፕላዝማ ላይ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ ላይ የኮቪድ መመርመሪያ ኪት ማምረቻ ተከፍቶ እንደነበርም እናስታውሳለን። ኢ. ኮላይ ውስጥ ፕሮቲን ማምረት ለማስተርስ ተማሪ የሚሰጥ ሥራ ነው። ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ማምረት፣ መመዘን፣ በሺዎች ደም ላይ መፈተን። ይህ የአንድ ተማሪ መመረቂያ ሆኖ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር በጀትና ባለቤት ያለው ፕሮጀክት ይሁን። ጥገኛው በእንስሳቱም ውስጥ ስላለና የበግና የፍየል ፅንስ ስለሚያስወርድ፣ የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ይግባበት። ለገበሬውም ይጠቅማል።

ኤችአይቪ ላለባቸው ወገኖች ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። የሲዲ4፣ ማለትም የበሽታ መከላከያ ሴሎቻቸው ቁጥር ከ100 በታች ሲወርድ የድሮው ጥገኛ አንጎል ውስጥ ሊነሳ ይችላል። ለእነሱ ጥያቄው «ተይዞ ያውቃል ወይ?» ነው፤ ቀላሉ ምርመራም ለዚህ ይረዳል። ስለዚህ ላቴክሱ ከአገር ይውጣ አልልም፤ የማይመልሰውን ጥያቄ አንጠይቀው ነው የምለው። አዲስ የተወለደ ሕፃንም እንዲሁ። የእናቱ አይጂጂ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ልጁ ያልፍና እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። የሕፃኑ ላቴክስ ፖዘቲቭ ቢሆን የእናቱን ደም እያነበብን ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ፣ ምንም ሳይገዛ ነገ ሊሠራ የሚችለውን እጠይቃለሁ። ለሁሉም የመንግሥትና የግል ላቦራቶሪዎች አንድ ገጽ ሰርኩላር ይውጣ። «ቶክሶ ፖዘቲቭ» ብቻ ተብሎ ውጤት አይውጣ። የምርመራው ዘዴ ይጻፍ፤ ላቴክስ ከሆነ ላቴክስ ተብሎ። ከሥሩ በአማርኛ ወይም በየክልሉ ቋንቋ ሁለት መስመር ይጨመር፦ «ይህ ምርመራ መቼ እንደተያዙ አያሳይም። ለፅንስ መውረድ ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም።» ኔጌቲቭ ለሆነች ነፍሰ ጡርም ሌላ ሁለት መስመር፦ «እስካሁን አልተያዙም። ሥጋ አብስለው ይመገቡ፣ አትክልት በደንብ ይጠቡ፣ አዋላጅዎን ያማክሩ።»

ሰርኩላሩን ለማርቀቅ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ይጠሩ፤ የላቦራቶሪ ሰዎችም እንመጣለን። አዋላጅ ነርሶችን ግን እባካችሁ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምራችሁ ጥሯቸው። ያንን ወረቀት ይዛ «ልጄን ያሳጣኝ ይሄ ነው?» የምትል ሴት ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው እነሱን ነው። ምን ብለው እንደሚመልሱላት በጽሑፍ ሊያገኙት ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ
አዲስ አበባ